ስምዎ በየትኛው መዝገብ ላይ ይስፈር? ሽጉጥ የመታጠቅ ፈቃድ በቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድና በዲሲ፤ ከግል መረጃ አንጻር የተደረገ ንጽጽር

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አነስተኛ ሱቅ ያለው ወዳጄ ባለፈው ክረምት አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤቴ መጣና የማመልከቻ ወረቀቶች ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋ። ሱቁ እስከ ምሽቱ አምስት ሰዓት ክፍት ነው፤ ሁለት ጊዜ ተዘርፏል። የዕለቱን ገንዘብ ይዞ ከሱቁ በር እስከ መኪናው የሚሄድባት ሃምሳ እርምጃ የማትሞላ መንገድ እንቅልፍ ነስታዋለች። ሽጉጥ ለመታጠቅ ቆርጧል፤ ሥልጠናውን የሚሰጠውንም ሰው አነጋግሯል። ብዕሩን ግን ሊያነሣ አልቻለም። «ሽጉጡስ ይሁን፤ የሚያስፈራኝ ወረቀቱ ነው» አለኝ።

ፍርሃቱን መረዳት አልከበደኝም። በ1969 ዓ.ም. አዲስ አበባ በአሰሳ ስትታመስ አባቱ ያስመዘገቡት የአደን ጠመንጃ ነበራቸው። አሳሾቹ በሩን አንኳኩተው ገና ሳይቀመጡ የጠመንጃውን ዓይነትና ቁጥር ከወረቀት ላይ አነበቡላቸው ይላል። እንዲህ ባለ ቤት ላደገ ሰው የመንግሥት መዝገብ ማለት በሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ያለ የቤቱ ቁልፍ ነው።

ይህን የምጽፈው ያን ቀን ከወዳጄ ጋር ያገላበጥናቸው አማራጮች ለሌላውም ይጠቅማሉ ብዬ ነው። ጠበቃ አይደለሁም፤ ለሰው ቅጽ ስሞላ የኖርኩ ሰው ነኝ። መታጠቅ ይበጃል አይበጅም የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን ትቼዋለሁ። እዚህ የምመለከተው ለመታጠቅ የወሰነ ሰው ስሙ፣ አድራሻውና አሻራው የት እንደሚቀመጥ፣ ማንስ እንደሚያየው ብቻ ነው። ከላይ ከጠቀስኩት ከ1969 በስተቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መረጃው በየት በኩል ይወጣል?

ብዙ ሰው የሚሰጋው ጎረቤቱ ስሙን በጋዜጣ ላይ እንዳያየው ነው። ይህ ስጋት መሠረት ነበረው። ብዙ ግዛቶች የባለፈቃዶችን ዝርዝር እንደ ቤት ሽያጭ መዝገብ ለጠየቀ ሁሉ ይሰጡ ነበር። ሮኖክ ታይምስ የተባለው የቨርጂኒያ ጋዜጣ ማርች 11 ቀን 2007 የ135 ሺህ ያህል ባለፈቃዶችን ዝርዝር በድረ ገጹ ላይ አወጣ፤ ቁጣው ሲበረታበት በማግሥቱ አነሣው።

በኒው ዮርክ የሆነው ግን ከዚህም ይብሳል። በዲሴምበር 2012፣ በኮነቲከት ሳንዲ ሁክ ትምህርት ቤት ሕፃናትና መምህራን ከተገደሉ ከሳምንት በኋላ፣ ጆርናል ኒውስ የተባለ ጋዜጣ የዌስትቼስተርና የሮክላንድ ካውንቲ ባለፈቃዶችን በካርታ ላይ አሰፈራቸው። ካርታው ላይ ያለችውን ነጥብ ሲነኳት የሰውየው ስምና የቤት ቁጥሩ ብቅ ይላል። ጎረቤት የሆነው የፑትናም ካውንቲ ዝርዝሩን አልሰጥም አለ። የሮክላንድ ሸሪፍ እስረኞች የወህኒ ጠባቂዎቹን የቤታቸውን አድራሻ እየጠሩ እንደተሳለቁባቸው ተናገሩ። የተናደዱ ሰዎች የጋዜጣውን ሠራተኞች አድራሻ በአጸፋው አወጡ፤ ጋዜጣው ደግሞ ቢሮውን የሚጠብቁለት የታጠቁ ሰዎች ቀጠረ! ካርታው ጃንዋሪ 18 ቀን 2013 ወረደ። ከሦስት ቀን በፊት የተፈረመው የግዛቱ ሕግ ባለፈቃዶች ስማቸው ለሕዝብ እንዳይገለጥ የሚጠይቁበትን መንገድ ከፍቶ ነበር።

በዚያ ካርታ ላይ አንድ ነገር ሁልጊዜ ይከነክነኛል። ነጥብ ያላረፈበት ቤትም ተነግሮበታል። «እዚህ ቤት የተመዘገበ ሽጉጥ የለም» ማለት እኮ ነው። ከአሳዳጅ ባሏ ተደብቃ በተከራየችው ቤት የምትኖር ሴት ፈቃድ ብታወጣ አድራሻዋ ይወጣል፤ ባታወጣም መሣሪያ እንደሌላት ይታወቃል።

ከእነዚህ ግርግሮች በኋላ ብዙ ግዛቶች በሩን ዘጉ። ቨርጂኒያ በ2013፣ ቴኔሲም በዚያው ዓመት። እና ሰዉ ጉዳዩ ያለቀ መሰለው።

አላለቀም። ጁን 27 ቀን 2022 የካሊፎርኒያ ፍትሕ መሥሪያ ቤት ስለ ጦር መሣሪያ አኃዝ የሚያሳይ አዲስ ድረ ገጽ ከፈተ። የታሰበው ድምር ቁጥር ብቻ እንዲታይ ነበር። ከቁጥሩ ሥር ግን ከ2011 እስከ 2021 ፈቃድ የጠየቁ ወደ 192 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ስም፣ የትውልድ ቀን፣ አድራሻና ሌላም ዝርዝር አብሮ ተጭኖ ኖሯል። ገጹ እስኪዘጋ ግማሽ ቀን ያህል ቆየ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ፋይሉ 2,734 ጊዜ ተወርዷል። በኖቬምበር የወጣው የገለልተኛ መርማሪዎች ሪፖርት ሆን ተብሎ የተደረገ አይደለም፤ የዕውቀትና የጥንቃቄ ጉድለት ነው አለ። በዝርዝሩ ውስጥ ለነበረ ሰው ይህ ማብራሪያ ምን ያህል እንደሚያጽናናው እርስዎ ፍረዱ። በሕግ የተቆለፈ በር ሠራተኛው ረስቶ ክፍት ቢተወው ያው ክፍት በር ነው።

ሌላው መንገድ በመሥሪያ ቤቶች መካከል ያለው ነው። ሚዙሪ ውስጥ ፈቃዱ በመንጃ ፈቃድ ላይ የሚመዘገብ በነበረበት ጊዜ፣ የግዛቱ የአውራ ጎዳና ፖሊስ ከ160 ሺህ የሚበልጡ ባለፈቃዶችን ዝርዝር ለፌዴራሉ የሶሻል ሴኪዩሪቲ መሥሪያ ቤት መርማሪ ሁለት ጊዜ አሳልፎ እንደሰጠ በ2013 ተጋለጠ። መርማሪው ሲዲውን ማንበብ አልቻልኩም አለ፤ ሰዉ ግን አልተረጋጋም። ግዛቱ ሥራውን በሙሉ ወደ ሸሪፎች አዛወረው። ይህን ታሪክ የማነሣው ለአንድ ዓላማ የተሰበሰበ ስም ለሌላ ዓላማ እንዴት በቀላሉ እንደሚሻገር ስለሚያሳይ ነው። እንደኛ የኢሚግሬሽን ፋይል ላለው ሰው ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል።

እንግዲህ አማራጮቹን ስናወዳድር «ዝርዝሩ አለ ወይስ የለም?» ብለን አንጠይቅ፤ ሁልጊዜም አለ። ምን ያህልዎ እንደተጻፈበት፣ በስንት ቦታ እንደተቀመጠና ስህተት ቢገኝበት ማን እንደሚያርመው እንጠይቅ።

ቨርጂኒያ

ከሦስቱ ቀለል ያለው ይህ ነው። አሌክሳንድሪያ፣ አርሊንግተን ወይም ፌርፋክስ የሚኖር ሰው የሚያመለክተው በሚኖርበት አካባቢ ላለው ሰርኪዩት ፍርድ ቤት ነው። ዕድሜ 21 ዓመትና ከዚያ በላይ፣ የሥልጠና ማስረጃ (ከ2021 ወዲህ በኢንተርኔት ብቻ የተወሰደ ሥልጠና አይቆጠርም)፣ ክፍያው ከ50 ዶላር አይበልጥም፤ ፈቃዱ ለአምስት ዓመት ያገለግላል። ፍርድ ቤቱ በ45 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት።

ከግል መረጃ አንጻር ደስ የሚለኝ ሁለት ነገር አለ። የፍርድ ቤቱ ጽሕፈት ቤት የአመልካቹን ስምና በማመልከቻው ላይ ያለውን መረጃ ለሕዝብ እንዳይሰጥ ሕጉ ያስገድደዋል። ሁለተኛው የዕድሳቱ ጊዜ ነው፤ በአምስት ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚታደስ ወረቀትዎ ከእጅ ወደ እጅ የሚዘዋወርበት አጋጣሚ ያንሳል። ሰው የማያስተውለው ነገር ነው እንጂ እያንዳንዱ ዕድሳት አዲስ ቅጂ፣ አዲስ ፖስታ፣ አዲስ ሠራተኛ ማለት ነው።

ሆኖም መዝገቡ በየፍርድ ቤቱ ተበታትኖ የቀረ እንዳይመስልዎ። ፍርድ ቤቱ ለግዛቱ ፖሊስ ያስተላልፋል፤ ፖሊስም ባለፈቃድ መሆንዎን በግዛቱ የወንጀል መረጃ መረብ ላይ ያስገባል። ፖሊስ ሲያስቆምዎ ይህን ማየት ይችላል። ይህ ክፉ ነገር ነው አልልም፤ አንዳንዱ ፖሊስ ባለፈቃድ መሆኑን ሲያይ ይረጋጋል። ሌላው ደግሞ እጁ ወደ ወገቡ ይሄዳል። ጥቁር ቆዳና ለየት ያለ አነጋገር ላለን ሰዎች ይህን ማሰብ አይቀርም።

ቨርጂኒያ ውስጥ ጨርሶ ፈቃድ ሳያወጡ የሚኖርበትም መንገድ አለ። በቤትዎና በግቢዎ፣ በራስዎ የንግድ ቦታም ውስጥ፣ ሽጉጥ ሸሽጎ ለመያዝ ፈቃድ አያስፈልግም። መኪና ውስጥም በሚዘጋ ሣጥን ወይም በመኪናው የዕቃ ማስቀመጫ ኪስ ውስጥ ካስቀመጡት ይቻላል። ሌሊት ከሥራ ወደ ቤት የሚነዳ ሰው የሚያስፈልገው ይኸው ብቻ ከሆነ በባለፈቃዶች ዝርዝር ውስጥ ስሙ የሚገባበት ምክንያት አይታየኝም።

ሜሪላንድ

የወዳጄ ሱቅ ያለው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርገን አየነው።

ሜሪላንድ ውስጥ ዝርዝሩ የሚጀምረው ከመታጠቁ በፊት፣ ከመግዛቱ ነው። ሽጉጥ ለመግዛት በመጀመሪያ የገዢነት ብቃት ፈቃድ ማውጣት ያስፈልጋል። የአራት ሰዓት ሥልጠና፣ የጣት አሻራ፣ 50 ዶላር። የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በኦገስት 2024 ይህን ሥርዓት አጽንቶታል። ከዚያ እያንዳንዱ ግዢ በግዛቱ ፖሊስ በኩል ያልፋል። ስለዚህ «ፈቃድ አላወጣም፤ ቤቴ ብቻ አስቀምጣለሁ» የሚል ሰው ከመታጠቅ ፈቃድ ዝርዝር ቢያመልጥም ከግዢው መዝገብ አያመልጥም። ወዳጄ ይህን ስነግረው ፊቱ ጠቆረ።

የመታጠቂያው ፈቃድ ደግሞ ሌላ ነው። ለጀማሪ የ16 ሰዓት፣ ለዕድሳት የ8 ሰዓት ሥልጠና ይጠየቃል። በኦክቶበር 2023 ሥራ ላይ ከዋለው ሕግ ወዲህ ማመልከቻው 125 ዶላር ነው። የመጀመሪያው ፈቃድ ሁለት ዓመት ብቻ ያገለግላል፤ ከዚያ በየሦስት ዓመቱ ይታደሳል። ማመልከቻውን የሚያጣራው አንድ ማዕከል፣ የግዛቱ ፖሊስ ነው። አሻራዎ፣ ፎቶግራፍዎ፣ የሥልጠና ወረቀትዎ፣ የገዙት መሣሪያ ሁሉ በአንድ መሥሪያ ቤት ጣሪያ ሥር ይገኛል።

ሕጉ ግን በአንድ በኩል ጥሩ ነው። የሜሪላንድ የሕዝብ መረጃ ሕግ መዝገብ ያዡ የመሣሪያ ባለቤቶችንና ሽጉጥ ለመያዝ የተፈቀደላቸውን ሰዎች መዝገብ ለሌላ ሰው እንዳያሳይ ይከለክላል፤ የሚፈቅደው ለባለቤቱና ለጠበቃው ብቻ ነው። ራስዎ ጠይቀው መዝገብዎን ማየት መቻልዎ ቀላል መብት እንዳይመስልዎ። ስህተት የሚታረመው ሲታይ ነው።

ለባለሱቅ ደግሞ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው፦ በባለቤትነት ወይም በኪራይ በያዙት የንግድ ቦታ ውስጥ ሽጉጥ ለመያዝ የመታጠቂያ ፈቃድ አያስፈልግም። ወዳጄ በሱቁ ውስጥ ያለ መታጠቂያ ፈቃድ መያዝ ይችላል። ችግሩ ያቺ ሃምሳ እርምጃ ናት። የመኪና ማቆሚያው የአከራዩ እንጂ የእሱ አይደለም። ለሃምሳ እርምጃ ሲል አሥራ ስድስት ሰዓት መሠልጠን፣ 125 ዶላር መክፈልና በሌላ ዝርዝር መግባት አለበት። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን ገንዘቡን ቀን ቀን ባንክ አስገብቼ ማታ ባዶ እጄን እወጣ ነበር። ነግሬዋለሁ፤ አልተዋጠለትም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ሜሪላንድ የሌላ ግዛት ፈቃድ አትቀበልም። በ2013 መጨረሻ የግዛቱ የመታጠቅ ፈቃድ ያለው አንድ የፍሎሪዳ ነዋሪ ቤተሰቡን ይዞ በሜሪላንድ አውራ ጎዳና ሲያልፍ ፖሊስ አስቁሞት ሽጉጡ የት እንዳለ ጠየቀው። ሰውየው ሽጉጡን ቤቱ ትቶ ነው የመጣው። መኪናው ተፈተሸ፤ ምንም አልተገኘም። ፈቃድዎ ከእርስዎ ቀድሞ ሊጓዝ እንደሚችል ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ዲሲ

እዚህ አጭር እሆናለሁ። ዲሲ ውስጥ ሰውየው ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱ መሣሪያ በከተማው ፖሊስ ይመዘገባል። በላዩ ላይ የመታጠቂያ ፈቃድ አለ፤ 16 ሰዓት ክፍል ውስጥና 2 ሰዓት የተኩስ ልምምድ ይጠይቃል፣ በሁለት ዓመት ይታደሳል። የሌላ ግዛት ፈቃድ እዚህም አይሠራም። የፈቃድ ጠያቂዎችና የባለፈቃዶች መዝገብ በመረጃ ነጻነት ሕግ ለጠያቂ እንዳይሰጥ ተደንግጓል።

ሕጉ ይህን ይበል እንጂ በኤፕሪል 2021 ባቡክ የተባለ የኮምፒውተር ዘራፊ ቡድን የዚሁ ፖሊስ መሥሪያ ቤት ሥርዓት ውስጥ ገብቶ ብዙ ፋይል ሰርቋል፤ የራሳቸው የፖሊሶቹ የግል ማኅደር ሳይቀር አደባባይ ወጣ። የሠራተኞቹን ምስጢር መጠበቅ ያቃተው መሥሪያ ቤት የእኔን እንዴት ይጠብቃል ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ከሦስቱ በጣም ብዙ መረጃ የሚሰበስበው፣ በጣም ቶሎ ቶሎም የሚያሳድሰው ዲሲ ነው። የዲሲ ነዋሪ ካልሆኑ እዚያ ለመታጠቅ ሲሉ ተጨማሪ ፈቃድ ከማውጣትዎ በፊት ደግመው ያስቡበት።

«ፈቃድ የማይጠይቅ ግዛት ብሄድስ?»

ዳላስ ወይም አትላንታ ያሉ ዘመዶቻችን በዚህ ይመጻደቁብናል። ቴክሳስ ከሴፕቴምበር 2021፣ ጆርጂያ ከኤፕሪል 2022 ጀምሮ ያለ ፈቃድ መታጠቅ ይፈቅዳሉ። በ2024 እንዲህ ያሉ ግዛቶች 29 ደርሰዋል። «እዚህ ዝርዝር የሚባል ነገር የለም» ይሉዎታል።

ግማሹ እውነት ነው። የፌዴራል ሕግ ከ1986 ጀምሮ ማዕከላዊ የመሣሪያ ባለቤቶች መዝገብ እንዳይቋቋም ይከለክላል። ከሻጭ ሲገዙ የኤፍ ቢ አይ የማጣሪያ ሥርዓት ስምዎን ይፈትሻል፤ ግዢው ከተፈቀደ የማጣሪያው መረጃ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲጠፋ ይደረጋል። ነገር ግን ሱቁ ውስጥ የሞሉት ቅጽ 4473 አይጠፋም። ሻጩ ያስቀምጠዋል፤ ከ2022 ወዲህ የጊዜ ገደብ የለውም። ሱቁ ሲዘጋ ወረቀቶቹ ዌስት ቨርጂኒያ ማርቲንስበርግ ወደሚገኘው የፌዴራል መከታተያ ማዕከል ይጓዛሉ። ከዲሲ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። እዚያ በፎቶ ይቀረጻሉ፤ በስም ተፈልገው እንዳይገኙ ሕግ ይከለክላል፤ ወረቀቱ ግን አለ።

ሌላም ችግር አለ። የፌዴራል ሕግ በትምህርት ቤት ዙሪያ በአንድ ሺህ ጫማ ክልል ውስጥ፣ ከግል ግቢ ውጭ፣ መሣሪያ መያዝ ይከለክላል፤ ግዛቱ ራሱ ፈቃድ የሰጠው ሰው ግን ነጻ ነው። ያለ ፈቃድ የሚታጠቅ ሰው ይህ ከለላ የለውም። በከተማ ውስጥ ትምህርት ቤት የሌለበት መንገድ ስንት ነው? ቴክሳስም ሆነ ጆርጂያ ፈቃድ መስጠታቸውን ያልተዉት፣ ብዙ ሰውም ሳይገደድ የሚያወጣው አንድም ለዚህ፣ አንድም ወደ ሌላ ግዛት ሲሻገር እንዲያገለግለው ነው። እንግዲህ ስሙን ከዝርዝር ያወጣ ሰው አንድ ከለላ አብሮ ይጥላል።

ከሌላ ግዛት የሚወጣ የውጭ ነዋሪ ፈቃድም አለ። ፍሎሪዳ ለማይኖርባት ሰውም ትሰጣለች፤ የሚያስቀኝ ነገር ፈቃዱን የሚሰጠው የግብርና መሥሪያ ቤቱ መሆኑ ነው። ዝርዝሩን ከ2006 ጀምሮ በሕግ ዘግታዋለች። ነገር ግን ይህ ለሜሪላንድ ነዋሪ በሜሪላንድ ምንም አይፈይድለትም። ፈቃድ በጨመሩ ቁጥር መዝገብ ይጨምራሉ፤ አሻራዎን የያዘ አንድ ተጨማሪ መሥሪያ ቤት ማለት ነው።

ለእኛ ለየት የሚለው ነገር

ከዚህ በላይ ያልኩትን ከማንኛውም አሜሪካዊ ሊሰሙት ይችላሉ። የሚከተለውን ግን የሚነግረን የለም።

ስማችን መዝገብ አይወድም። «ኃይለ ሚካኤል» አንድ ቦታ ተገጥሞ፣ ሌላ ቦታ ለሁለት ተከፍሎ ይጻፋል፤ ሲከፈል «ሚካኤል» የቤተሰብ ስም ይሆናል። «ኃይለ» ራሱ በላቲን ፊደል ሦስት አራት መልክ አለው። የአያት ስም አንዱ ወረቀት ላይ አለ፣ ሌላው ላይ የለም። የትውልድ ቀናችንም እንዲሁ ነው። በስደተኛ ካምፕ ያለፈ ሰው ብዙ ጊዜ የተወለደው ጃንዋሪ 1 ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ የዘመን አቆጣጠሩ ሲገለበጥ ሰባት ስምንት ዓመት ተጨምሮበታል ወይም ተቀንሶበታል። እንግዲህ ጃንዋሪ 1 የተወለደ አንድ «ተስፋዬ ገብሬ» በኮምፒውተሩ ዓይን ከሌላው ተስፋዬ ገብሬ በምን ይለያል?

እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት ከአንድ መሸጫ ለመግዛት ሞክሬ «ይዘግይ» የሚል መልስ መጣብኝ። ማጣሪያው ሦስት መልስ አለው፤ ይቀጥል፣ ይዘግይ፣ ተከልክሏል። ሻጩ እንደ ወንጀለኛ አየኝ፤ ከጀርባዬ ተራ የሚጠብቀው ሰውም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። በአራተኛው ቀን ተፈቀደ፤ ምክንያቱን የነገረኝ የለም። ጉዳዩ ከተደጋገመብዎ መፍትሔ አለ። ኤፍ ቢ አይ በፈቃደኝነት ማኅደር የሚከፍቱበት አሠራር አለው፤ አሻራዎን ሰጥተው የራስዎ መለያ ቁጥር ይሰጥዎታል፣ ሲገዙም ቁጥሩን ቅጹ ላይ ይጽፋሉ። ልብ ይበሉ፦ ከሌላ ሰው ጋር እንዳይምታቱ ሲሉ በፌዴራል ደረጃ በስምዎ ቋሚ ፋይል አስከፈቱ ማለት ነው። ለስሙ ዘብ የሚቆም ሰው በገዛ ፈቃዱ መዝገብ ውስጥ የሚገባበት አጋጣሚ ይኸው ነው። እኔ እስካሁን አላወጣሁም። ሁለተኛ ጊዜ ቢመጣብኝ ግን አወጣለሁ።

የዜግነት ጉዳይ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በፌዴራል ሕግ መሣሪያ መያዝ ይችላል። በጉብኝት ወይም በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ አይችልም፤ ሕጋዊ ፈቃድ ሳይኖረው የሚኖርም አይችልም። በመካከል ያሉ፣ ጥገኝነት የጠየቁና ጊዜያዊ ከለላ ያላቸው ሰዎች ቅጹን ከመንካታቸው በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክሩ። ቅጹ ላይ ዜግነት ይጠየቃል። ዜጋ ሳይሆኑ «የአሜሪካ ዜጋ» የሚለውን ሣጥን በስህተት ምልክት ማድረግ ከአገር ሊያስባርር የሚችል ነገር ነው፤ የመሣሪያ ወንጀልም እንዲሁ። ለአሜሪካዊው የመዝገብ ጭንቀቱ «ማን ያየኛል?» ነው። ለግሪን ካርድ ባለቤት ደግሞ እዚያ ላይ ያሰፈረው እያንዳንዱ ቃል የመሐላ ቃሉ ነው። ዓመታት ቆይቶ የዜግነት ቃለ መጠይቅ ላይ ሊመጣበት ይችላል።

ኒው ዮርክ በ2022 ባወጣችው ሕግ አመልካቹ የሦስት ዓመት የማኅበራዊ ሚዲያ አካውንቶቹን እንዲዘረዝር ጠይቃ ነበር። ፍርድ ቤት አገደው። ቢጸድቅ ኖሮ በፌስቡክ ላይ ስለ አገር ቤት ጦርነት የተነታረክነውን ሁሉ አንድ የካውንቲ ሠራተኛ በትርጉም ማሽን እያነበበ ይፈርድብን ነበር። አሁንም የሚጠይቅዎ ቢኖር ሕጉ ያስገድዳል ወይ ብለው በትህትና ይጠይቁ።

ማን የትኛውን ይምረጥ?

ቨርጂኒያ ከኖሩና መታጠቅ የግድ ከሆነብዎ ፈቃዱን ያውጡ፤ ከሦስቱ ትንሽ መረጃ ይዞ ረጅም ጊዜ የሚቆየው እሱ ነው። መሣሪያው ከቤትና ከመኪና የማይወጣ ከሆነ ግን ይተዉት።

ሜሪላንድ ውስጥ ባለሱቅ ከሆኑ የገዢነቱን ፈቃድ አውጥተው እዚያው ይቁሙ። የመታጠቂያውን የማስበው ሌሊት ብቻውን በየሰፈሩ ለሚዞር፣ ለምሳሌ ገንዘብ ለሚያመላልስ ሰው ነው። ታክሲና ኡበር የሚነዱ ወገኖቼ ግን የሚሠሩበት ድርጅት በመኪናው ውስጥ መሣሪያ ይፈቅድ እንደሆነ ከፈቃዱ በፊት ይወቁ፤ አብዛኛውን ጊዜ አይፈቅድም። በአንድ ማታ ሦስቱንም ግዛት የሚያቋርጥ ሾፌር ደግሞ የቨርጂኒያ ፈቃዱ ከቨርጂኒያ የሚያወጣውን ድልድይ ሲሻገር እንደማይሠራና መታጠቁ ወንጀል እንደሚሆንበት አይርሳ።

ከሚያሳድዳት ሰው የተደበቀች እህት ካለች ከሽጉጡ በፊት ሌላ ነገር ታድርግ። ሜሪላንድ በግዛቱ ጸሐፊ ቢሮ፣ ቨርጂኒያ ደግሞ በጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ቢሮ በኩል አድራሻን የሚሸሽግ ፕሮግራም አላቸው። ምትክ አድራሻ ይሰጧታል፤ በየመሥሪያ ቤቱም ያንን ትጠቀማለች። ይህ ከተያዘ በኋላ የሚገባባቸው መዝገቦች ሁሉ ይቀልላሉ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ግን እውነተኛው አድራሻ አንዴ ከወጣ በኋላ የሚመለስ አይደለም።

እንዲሁም መንግሥትን እየፈሩ የተኩስ ክለብ አባልነት፣ የመሣሪያ ዕቃ መሸጫ ኢሜይልና የሥልጠና ፎቶ በፌስቡክ ላይ የሚለጥፉ ሰዎች አሉ። የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ የማያወጣውን ራሳቸው ያወጡታል።

ወዳጄን በተመለከተ፣ ያን እሑድ ማመልከቻውን አልሞላንም። ከመንጃ ፈቃዱና ከዜግነት ወረቀቱ ጋር ስናመሳክረው የአባቱ ስም በአንዱ «ገብረ መድኅን» ተብሎ በሁለት ቃል፣ በሌላው ተገጥሞ በአንድ ቃል ተጽፎ አገኘነው። የትውልድ ዓመቱም በአንድ ዓመት ይለያያል። ሰኞ ጠዋት ሱቁን ለእኅቱ ልጅ አደራ ሰጥቶ መንጃ ፈቃዱን ሊያስተካክል ሄደ። ማመልከቻው እስካሁን ከካዝናው በላይ ባለው መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ገንዘቡን ግን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባንክ ማስገባት ጀምሯል።